አርባ ሁለት ግራም

ቦንጋ፣ መስከረም 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ልጅ ለሚስራ ያሲር፣ በርገን።

አሰላሙ አለይኩም ወረህመቱላህ። አላህ በወጣሽበት እንዲጠብቅሽ፣ በገባሽበትም እንዲያሳርፍሽ የአክስትሽ ዱዓ ነው። እኔ ከጉልበቴና ከጆሮዬ በቀር ደህና ነኝ። ጆሮዬማ ጭራሽ ጥሎኛል፤ ፊቴ ቆሞ የሚጮህልኝን ብቻ ነው የምሰማው። ስትደውዪ አንቺም ትጮሂያለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ጉዳያችንን ሰምቶ እኔ ብቻ ሳልሰማ ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ እንደ ድሮው በወረቀት እንገናኝ።

የላክሽልኝ የወጥ ቤት ሚዛን ደርሶኛል። ሐኪሙ ዘጠና አራት ኪሎ ነሽ አለኝ። ስኳሬ ከፍ ብሏል፣ ጉልበቴም ይህን ሁሉ አይሸከምም፤ ወደ ሰባ ካልወረድሽ በእግርሽ መሄድ ታቆሚያለሽ ብሎ አስፈራራኝ። የጻፍሽልኝን ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌዋለሁ፦ ምሳ ሩብ ኪሎ፣ እራት ሩብ ኪሎ፣ ከዚያ በላይ አንድ ጉርሻ የለም። ጎመን በጤና ብዬ ተቀበልኩ። ግን ልጄ፣ በስልሳ ዓመቴ ጎደሬ በግራም ሲበላ ማየቴ ይገርመኛል።

ያቺ ሳንቲም የምታክል ባትሪ በአሥራ አምስተኛው ቀን ሞተች። ቦንጋን ከላይ እስከ ታች ዞሬ አምሳያዋን አጣሁ። ስለዚህ የአባቴን፣ የአያትሽን የጋሽ ሚፍታህን ሚዛን ከቆጡ አወረድኩት፤ ያንን ባለ ሁለት ሳህኑን። ድንጋዮቹም እንደተጠቀለሉ አሉ። ብረት ናቸው፣ እኛ ግን ድንጋይ ነው የምንላቸው። ሩቧን ባንዱ ሳህን፣ ምሳዬን በሌላው አድርጌ እመዝናለሁ።

አንድ ልማድ ግን መተው አቃተኝ። በአባቴ ሱቅ ሳህኖቹ እኩል ሲሆኑ ሚዛን ያዡ «ሞላ?» ብሎ ይጠይቃል። ባለጉዳዩ «ሞላ» ካላለ ዕቃው አይነሳም። እኔም ዛሬ ብቻዬን ቁጭ ብዬ የራሴን ምሳ መዝኜ «ሞላ?» እላለሁ። ከዚያ ራሴው «ሞላ» ብዬ መልሼ እስቃለሁ።

ባትሪዋን ካገኘሽ ላኪልኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም።

የምትወድሽ አክስትሽ ዘሪቱ


በርገን፣ ጥቅምት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ ለዘሪቱ ሚፍታህ።

ወአለይኩሙ ሰላም። ጤናዎ ይብዛልኝ፣ ጉልበትዎ ይበርታልኝ። እኔ ደህና ነኝ፣ ሥራዬም ደህና ነው። እዚህ ያለማቋረጥ ይዘንባል፤ ከዚህ ሁሉ ነገር ቦንጋን የሚመስለው ዝናቡ ብቻ ነው።

ደብዳቤዎን አንብቤ ብቻዬን ሳቅኩ። እኔ በምሠራበት የአረጋውያን ቤት ቀኑን ሙሉ የምውለው በዚሁ ነው። ሠላሳ አንድ ሽማግሌና አሮጊት አሉን። በእያንዳንዱ ሳህን ላይ ስም ተለጥፎ፣ ድንቹ ስንት ግራም፣ ዓሣው ስንት ግራም ተብሎ ተጽፏል። ገሚሱ እንዲቀንስ፣ ገሚሱ እንዲወፍር። የሰው ሳህን ስመዝን የራሴን ረስቼ እኔም ሰባ ስምንት ኪሎ ገብቻለሁ። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ አብረን ነን፤ እርስዎ እዚያ ሩብ፣ እኔ እዚህ ሩብ። በየደብዳቤው ኪሏችንን እንጻጻፍ።

ባትሪ በፖስታ አልቀበልም አሉኝ፤ ሰው ስፈልግ እቆያለሁ። እርስዎን ግን አንድ ነገር ልለምን። ከአያቴ ዕቃ በእጄ ያለ ምንም ነገር የለም። ግብርና ቢሮ የሚሠራው ግዛቸው በኅዳር ወደዚህ ለትምህርት ይመጣል። ከድንጋዮቹ አንዷን፣ ትንሿን፣ ቢልኩልኝ ጠረጴዛዬ ላይ አኖራታለሁ።

«ሞላ?» የሚለውን ወጥ ቤት ውስጥ ማለት ጀምሬያለሁ። የሥራ ጓደኞቼ ምን ማለት ነው ይሉኛል።

ልጅዎ ሚስራ


ቦንጋ፣ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለወንድሜ ልጅ ለሚስራ።

አሰላሙ አለይኩም። ደስታ እንጂ ሐዘን ደጅሽን አይርገጥ። ሰማንያ ስድስት ገባሁ! ሐኪሙ እጄን ጨበጠኝ። መንገድ ላይ ያገኘኝ ሁሉ «ዘሪቱ፣ ምን አገኘሽ?» ይለኛል። ምን እንዳጣሁ የሚጠይቀኝ የለም። ቀሚሶቼን ለማስጠበብ ልብስ ሰፊው ዘንድ ሁለቴ ሄድኩ፣ ጉልበቴም ዳገቱን መውጣት ጀመረ።

ድንጋይሽን ለግዛቸው ሰጥቼዋለሁ። ሁለት ሩቦች አሉኝ፤ አንዷ በቀይ ጨርቅ፣ አንዷ በጥቁር ጨርቅ የተጠቀለለች። የጥቁሯን ላክሁልሽ፣ እጅ ላይ ቀለል ስለምትል ለመንገደኛ አትከብድም። ከእነ ጨርቋ ያዢያት።

አንድ ነገር ልንገርሽና ሳቂብኝ። ባለፈው ማክሰኞ ምሳዬን መዝኜ እንደ ልማዴ «ሞላ?» ስል «አልሞላም» የሚል ድምፅ ሰማሁ። በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ ነው የመለሰልኝ፤ የዋጫ ገበሬዎች ድሮ በሱቃችን ደጃፍ ይመልሱ እንደነበረው። ዘወር ብዬ አየሁ። ጠራራ ፀሐይ፣ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ሰው የለም። ድምፁ ብቻ ቢሆን የረሃብ ነው ብዬ እተወው ነበር። ግን እኔ የመስጊዱን አዛን እንኳ መስማት ካቆምኩ ዓመት አልፎኛል። ይህን ግን ጥርት አድርጌ ሰማሁት።

ኪሎሽን ጻፊልኝ። የሰው ብቻ እያነበብሽ የራስሽን እንዳትሸሽጊ።

አክስትሽ ዘሪቱ


በርገን፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ።

ሰላምና ጤና ለእርስዎ። ድንጋይዋ በሰላም ገባች። ጥቁሩ ጨርቅ ኮረሪማ ኮረሪማ ይሸታል፤ ገና ስፈታው አያቴ በሩን ከፍተው የገቡ መሰለኝ። አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ናት። እኔም ሰባ ሁለት ደርሻለሁ፣ እንደ እርስዎ እየቀናኝ ነው።

አሁን ግን ዋናውን ነገር ያድምጡኝ። ትናንት እንደ ቀልድ ድንጋይዋን የኤሌክትሪክ ሚዛኔ ላይ አስቀመጥኳት። ሩብ ኪሎ ማለት ሁለት መቶ ሃምሳ ግራም ነው። እሷ ሁለት መቶ ስምንት አለች። ሦስት ጊዜ መዘንኩ። አገላብጬ ሳያት ሆዷ ተቦርቡሮ በሰም ተደፍኗል። አርባ ሁለት ግራም ትጎድላለች።

ገባዎት አይደል? የእርስዎም ድንጋይ እንደዚህችው ከሆነ በየምሳው በየእራቱ ከጻፍኩልዎ በታች እየበሉ ነው። በፍጥነት የቀነሱት ለዚህ ነው። ድምፁም ከባዶ ሆድ የመጣ ነው፤ የተራበ ሰው ብዙ ነገር ይሰማል። እባክዎ በየሳህኑ ላይ አንዳንድ ጭልፋ ይጨምሩ፣ ሁሉም ይስተካከላል። እኔ ይህን ሳውቅ ልቤ ተረጋጋ።

አያቴ ድንጋይዋ መቦርቦሯን ያውቁ ነበር? ከገበያ ተታለው የገዟት ይሆናል። ፎቶ ተነሥተው ይላኩልኝ፣ እንዴት እንዳማረብዎ ልይ።

ሚስራ


ቦንጋ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚስራ ልጄ።

ሰላም ላንቺ። ፎቶ አልላክሁም፣ አትጠብቂ።

አያትሽ አልተታለለም። እውነቱን ካልጻፍኩልሽ አንቺ እዚያ ሆነሽ ትስቻለሽ። ጥቁሯ የመሸጫ ድንጋይ ናት። በቆሎ፣ ጨው፣ ስኳር የምንሸጠው በእሷ ነበር። ቀይዋ የመግዣ ናት። ገበሬ ቡናና ኮረሪማ ይዞ ሲመጣ በቀይዋ ነው የምንመዝንለት። የጥቁሯ ሆድ እንደ ተቦረቦረ፣ የቀይዋ ሆድ እርሳስ ተሞልቷል። አባቴ ልዩነቱን ያስተማረኝ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። «ጨርቁን ብቻ አትሳቺ» ይለኝ ነበር።

ጥቁሯ አንቺ ጋ ናት። እኔ ከመስከረም ጀምሮ የምመዝነው በቀይዋ ነው። ልጄ፣ ከወረቀትሽ በላይ እንጂ በታች አልበላሁም። ደብዳቤሽ ሲደርሰኝ ደግሞ ጭልፋውንም ጨመርኩበት። ዛሬ ሰባ አንድ ኪሎ ነኝ፣ አሁንም መቀነሴ አልቆመም።

የማየውን ልንገርሽ። ምግቤን ከድንጋይዋ ጋር አስተካክዬ «ሞላ?» እላለሁ። «አልሞላም» ይለኛል። ያን ጊዜ ምግቡ ያለበት ሳህን ቀስ እያለ ወደ ላይ ይነሣል። ከጎደሬው አንዲት ቁራሽ አልተነሣችም፣ ሁሉም በቦታው ነው። ክብደቱ ብቻ ነው የሚሄደው። ስበላው ገለባ የማኝክ ይመስለኛል፣ ስጨርስም ሆዴ ውስጥ ምንም አልገባም። ፈራሁ፣ ሚስራ። ቃሉን ላለማለት አፌን ይዤ ሞከርኩ። ሳልጠይቀውም ይመልሳል።

ዘሪቱ


በርገን፣ የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ።

አላህ ይድረስልዎ። ደብዳቤዎን አንብቤ ሁለት ቀን ሥራ አልገባሁም። እባክዎ ነገ ዛሬ ሳይሉ ጅማ ሄደው ሙሉ ምርመራ ያድርጉ። ስኳር ሲበላሽ ሰውን ያከሳል፣ የእንቅርትም በሽታ ሊሆን ይችላል። ሌላውን ሁሉ ከምርመራው በኋላ እንነጋገራለን። አዲስ አበባ ለሚገባ ሰው አራት ባትሪ ሰጥቻለሁ፣ በመናኸሪያ ሰው ይደርስዎታል። ያንን ሚዛን ቆጡ ላይ መልሰው በኤሌክትሪኩ ይመዝኑ። እንዲያውም መመዘኑን ይተዉት፣ ያገኙትን ይብሉ።

ረመዳን እየገባ ነው። እንዳይጾሙ ብዬ አጥብቄ እለምናለሁ።

አንድ ነገር ልጠይቅዎ። የሚመልስልዎ ሰው ድምፁ የወንድ ነው የሴት? በደብዳቤዎ አልጻፉም። እርስዎ ምንም ነገር ሳይጽፉ የሚያልፉ ሰው ስላልሆኑ፣ የማን እንደሆነ ያውቁታል ብዬ ጠረጠርኩ።

ስለ ኪሎዬ ከጠየቁ፣ እኔ ደህና ነኝ።

ሚስራ


ቦንጋ፣ መጋቢት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚስራ ልጄ።

የረመዳኑ እዝነት ባንቺ ላይ ይሁን። ጅማ ሄጄ ደሜን፣ ሽንቴን፣ ሆዴን አዩት። ሐኪሟ ወረቀቱን አገላብጣ «እናቴ፣ ስኳርዎ እንኳ ወርዷል፣ ምንም የለብዎም፤ ደህና ይብሉ» አለችኝ። ስልሳ ሦስት ኪሎ ነኝ። ባትሪውም ደረሰኝ። ቀይዋን መዘንኳት፣ ሁለት መቶ ሰማንያ አምስት አለች። እንዳልጾም ለምነሽኝ ነበር፤ እኔ ግን ምሳ ከሌለ ቀትር ላይ የሚመልስልኝም አይኖርም ብዬ ጾምኩ። ኢፍጣር ላይ ሾርባዬን በአዲሱ ሚዛን አስቀመጥኩ። ሁለት መቶ ሃምሳ አለ፣ ሁለት መቶ አሥር አለ፣ መቶ አለ፣ እያየሁት ዜሮ ገባ። ሾርባው ሳህኑ ሙሉ ነው።

ድምፁ የሴት ነው። አዎ፣ አውቃታለሁ።

እትዬ ኮከብ ትባል ነበር። ከዋጫ በእግሯ እየመጣች ቅዳሜ ቅዳሜ ኮረሪማ ትሸጥልን ነበር። ከሩብ በላይ አታመጣም፣ በሸጠችበትም ሩብ በቆሎ ገዝታ ትመለሳለች። አባቴ ሚዛኑን ለእኔ ሲሰጠኝ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ነበርኩ። ኮረሪማዋን በቀዩ እቀበላታለሁ፣ በቆሎዋን በጥቁሩ እሰጣታለሁ። አንዲት ሴት በአንድ ቀን ሁለት ጊዜ። «ሞላ?» ስላት «አልሞላም፣ ልጄ» ትላለች። ቤቷ በቅል ሰፍራ ነው የምትመጣው፣ ታውቃለች። እኔ ደግሞ አባቴ ከኋላዬ ቆሞ ያየኛል። «ሞልቷል እትዬ፣ ሳህኑን አይዩም?» እላታለሁ። ሳህኑን ታያለች፣ እኩል ነው። ከዚያ አባቴ መጥቶ በሦስት ጣቱ በቆሎ ቆንጥሮ ምርቃት ይጨምርላታል። ሰው ሁሉ ለዚያ ምርቃት ሲል ይወደው ነበር። የሚመርቀው ከጎደለው ላይ መሆኑን እኔና እሱ ብቻ ነን የምናውቅ።

ሁለት ክረምት እንዲህ ተመላለሰች። በሁለተኛው ክረምት መጨረሻ ታቅፋ የምትመጣው ሕፃን አብሯት አልመጣም። «የት አለ?» አልኳት። «አልጠገበም» አለችኝ። በቆሎዋን መዝኜ «ሞላ?» አልኳት። ዝም ብላኝ ወጣች። ከዚያ ወዲህ አልመጣችም።

ይህን ለማንም ነግሬ አላውቅም፣ ለአባትሽ ለያሲር እንኳ። ሆድ ካገር ይሰፋል ይባላል፣ የእኔ ሆድ ግን ከዚህ በላይ አልያዘም። አሁን ዘካተል ፊጥር የሚወጣበት ቀን እየቀረበ ነው። ለድሃ የሚሰፈረውን እህል በየትኛው ድንጋይ ልመዝን? ዒድ እንዳለፈ ዋጫ እሄዳለሁ። ዘሯ ካለ ፈልጌ አገኛለሁ።

አፉ በይኝ። ያደግሽው በዚያ ሱቅ እህል ነው።

ዘሪቱ


በርገን፣ መጋቢት 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

አክስቴ፣

ዒድ ሙባረክ። አፉ ብያለሁ፣ እኔንም አፉ ይበሉኝ። ዋሽቼዎታለሁ።

እኔ ደህና አይደለሁም። ሃምሳ ሰባት ኪሎ ነኝ። ድንጋይዋ ከመጣች ጀምሮ የኪሎዬ መቀነስ አልቆመልኝም። መጀመሪያ ደስ አለኝ፣ ከዚያ ደበቅኩ፣ ከዚያ እርስዎን ሐኪም ዘንድ እየላክሁ እኔ ራሴ ሦስት ሐኪም ዞርኩ። ሁሉም ጤነኛ ነሽ ይሉኛል። ዳቦ ስበላ ወረቀት ወረቀት ይለኛል። «ሞላ?» ማለቱንም በቀልድ የጀመርኩት እኔው ነኝ፣ ያስታውሳሉ። ጥር ላይ መልስ መጣልኝ። ቋንቋውን አላውቀውም፣ ግን ምን እንዳለችኝ ገባኝ። የኅዳሩን ደብዳቤዎን አውጥቼ ካፊኖኖ የሚለውን እንደገና ሳነብ ከእጄ ጣልኩት።

የዛሬ ሳምንት ድንጋይዋን ከእነ ጨርቋ ይዤ ወደብ ወርጄ ባሕር ውስጥ ወረወርኳት። ተገላገልን ብዬ ነበር። ቤት ስገባ ሚዛኔ በርቷል። ምንም አልተቀመጠበትም። ከዜሮ በታች አርባ ሁለት ይላል። አጠፋሁት፣ ባትሪውን አወጣሁት፣ መልሼ ከተትኩት። ያው ነው። የሥራ ቦታዬን ሚዛን ነካሁት፣ እሱም እንደዚያው አለ። የሽማግሌዎቹን ሳህን ሌላ ሰው እንዲመዝን ለመንኩ።

አክስቴ፣ ምን ላድርግ?

ሚስራ


ቦንጋ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ሚስራ ልጄ፣

ሰላምሽ ይብዛ። ደብዳቤሽ ገና አልደረሰኝም፣ ግን የሆነውን ሳልጽፍልሽ ማደር አልቻልኩም። ዋጫ ሄጄ እትዬ ኮከብ ከሞተች ሠላሳ ዓመቷ መሆኑን ሰማሁ። የልጅ ልጇን አገኘኋት፣ ትሁት ትባላለች፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። በየቀበሌው የሰው ሕፃን በሚዛን እያንጠለጠለች ኪሎ ትጽፋለች። የመጣሁበትን ነገርኳት። አልቆጣችኝም፣ አላለቀሰችም። «የጋሽ ሚፍታህ ልጅ ነዎት?» ብላ ወንበር ሰጠችኝ።

ሁለቱን ክረምት አሰብኩት፣ ሃያ ስድስት ቅዳሜ ነው። ከቀይዋ ትርፉ ሠላሳ አምስት ግራም። ለያንዳንዱ ቅዳሜ ሠላሳ አምስት ሠላሳ አምስት ግራም ኮረሪማ መዝኜ ቅርጫቷ ውስጥ ጨመርኩ። ሁሉ ተደምሮ ኪሎ አልሞላም፣ ሚስራ። አንድ ኪሎ እንኳ አልሞላም! ለዚህች ነበር። የመጨረሻውን ስጨምር «ሞላ?» አልኩ፣ ትሁት «ሞላ» አለች። ያን ቀን ቤቷ ቆጮ በጎመን አቀረበችልኝ። የጎመን ጣዕም ነበረው። አልቅሼ በላሁ። አሁን ስልሳ አምስት ገብቻለሁ።

ግን ሳልወጣ ያዘችኝ። «አያቴ ስትሞት ያለችው ስለ ኮረሪማው አይደለም። ኮረሪማው ይቅር፣ በቆሎው ነው ያለችው» አለችኝ። ጆንያ በቆሎ ልላክልሽ አልኳት። «አያቴ ምጽዋት አልጠየቀችም። የጎደላትን ልክ ነው የጠየቀችው፤ አይብዛ፣ አይነስ» አለችኝ።

ልኩ ያለው በጥቁሯ ድንጋይ ውስጥ ነው። ልጄ፣ ድንጋይዋን ጠብቂያት። እንዳትጥያት፣ ለማንም እንዳትሰጪያት። በፍጥነት ላኪልኝ፣ ባትሪም ፎቶም ሌላ ነገርም አልፈልግም። በእሷ ላይ «ሞላ?» ብለሽ ከሆነም ንገሪኝ። ዝም ማለትሽ አላማረኝም።

ዘሪቱ


ዋጫ፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ከሰዓት

ሚስራ፣ የወንድሜ ልጅ፣

የመጋቢቱ ደብዳቤሽ ትናንት ደረሰኝ። «ወረወርኳት» የሚለው ላይ ስደርስ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሃምሳ ሰባት የሚለውን ሳነብ ጮህኩ። እኔ የሠራሁትን አንቺ ልትከፍዪው፣ ያውም ከአገርሽ ርቀሽ! ከዚያ ደብዳቤዎችሽን ሁሉ ከሳጥን አውጥቼ መሬት ላይ ዘረጋሁ። የታኅሣሡን አገኘሁት። በእጅሽ ጽፈሻል፦ ሁለት መቶ ስምንት፣ አርባ ሁለት ግራም ትጎድላለች። ሦስት ጊዜ መዝነሻታል። አላህ ያን እጅሽን ይባርከው፣ ድንጋይዋ ባሕር ብትገባም ልኳ ወረቀት ላይ ቀርቷል።

ዛሬ በመጀመሪያው መኪና ዋጫ ገባሁ። በቆሎውንና አንቺ የላክሽውን ሚዛን ይዣለሁ። ትሁት ደብዳቤሽን ራሷ አነበበችው፣ ቁጥሩን በጣቷ ነካችው፣ ከዚያ የአያቷን አሮጌ ቅል አመጣች። ልክ ስድስት ሰዓት ላይ ጀመርኩ። አርባ ሁለት ግራም መዝኜ ቅሉ ውስጥ እገለብጣለሁ፣ አንድ ቅዳሜ እላለሁ። እንደገና አርባ ሁለት፣ ሁለት ቅዳሜ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አንዳንዱን እንደገና መዘንኩ። ሃያ ስድስተኛውን ስገለብጥ ቅሉ እስከ አንገቱ ደረሰ።

«ሞላ?» አልኩ።

ትሁትን አየኋት። ከንፈሯ አልተንቀሳቀሰም። ድምፁ መጣ፤ ያው ድምፅ፣ በቋንቋዋ፣ ድሮ ቅዳሜ ጠዋት ስትገባ ሰላም እንደምትለኝ ሆኖ። «ሞላ» አለኝ።

ትሁት ወደ በሩ ዞራ አየችና ወደ እኔ ተመለሰች። «እትዬ ዘሪቱ፣ ማን ነው የመለሰው?» አለችኝ። እሷም ሰምታዋለች።

ከጆንያው በሦስት ጣቴ ቆንጥሬ ከላይ ጨመርኩ። አልመዘንኩትም። አባቴ ከሰው እየነጠቀ የሚጨምረውን ምርቃት፣ እኔ ከራሴ አንድ ጊዜ ልስጥ ብዬ ነው። ቀይዋን ድንጋይ ለዚህ አገር ቀጥቃጭ ሰጥቻለሁ፣ ማረሻ ያድርጋት።

ልጄ፣ ይህ ደብዳቤ እስኪደርስሽ እንዳይመሽብሽ ፈርቻለሁ። በሕይወት ካለሽ አንድ ነገር ብቻ ጻፊልኝ። ዛሬ ምን በላሽ?

አክስትሽ ዘሪቱ


በርገን፣ ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ አክስቴ፣

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ከመጋቢት ወዲህ ምንም ደብዳቤ አልደረሰኝም። በሕይወት ይኑሩ አይኑሩ አላውቅም፣ ስልኩም አይነሣም። ቢሆንም የዛሬውን ልጻፍልዎ፣ የምነግረው ሌላ ሰው የለኝም።

ሃምሳ አንድ ኪሎ ነኝ። ጠዋት ከአልጋዬ ስነሣ ግድግዳ ይዤ ነው። ሚዛኑ ጠረጴዛው ላይ ነው፣ ባዶውን፣ ከዜሮ በታች አርባ ሁለት እንዳለ ነው። ፎጣ ሸፍኜበት ነበር፣ ምን እንደሆነ አላውቅም፣ ዛሬ ገለጥኩት።

በእኔ አምስት ሰዓት ነበር፣ በእናንተ ስድስት። ቁጥሩ ተንቀሳቀሰ። ከዜሮ በታች ሠላሳ፣ ሃያ፣ አሥር እያለ ወጥቶ ዜሮ ገባ። ተነፈስኩ። ወዲያው ተመልሶ አርባ ሁለት ወረደ። እንደገና ወጣ፣ እንደገና ወረደ። አንዳንዴ ቶሎ፣ አንዳንዴ እጅ እየተንቀጠቀጠበት እንደሚመዘን ዕቃ ወዲያ ወዲህ እያለ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ቆጠርኩት። ሃያ ስድስት ጊዜ ነው። ለምን ሃያ ስድስት እንደሆነ አላውቅም። በሃያ ስድስተኛው ዜሮ ላይ ቆመ፣ ከዚያ ወዲህ አልወረደም።

የሴትዮዋን ድምፅ ጠበቅኩ። አልመጣም። ቤቱ ውስጥ የዝናቡ ድምፅ ብቻ ነበር። ተነሥቼ ከትናንት የተረፈ ደረቅ ዳቦ ቆረስኩ። አክስቴ፣ ዳቦ ዳቦ አለኝ! ቆሜ ጨረስኩት፣ ሌላም ቆረስኩ፣ ሆዴ ውስጥ ሲወርድ ተሰማኝ። ይህን ስጽፍልዎም እየበላሁ ነው፣ ወረቀቱ ላይ የፈሰሰው የዳቦ ፍርፋሪ ነው።

አንድ ነገር ብቻ አልገባኝም። ዜሮ ላይ ከቆመ በኋላ እያየሁት ሚዛኑ እንደገና ተነሣ፣ አሁን ግን ወደ ላይ ነው። አንድ አለ፣ ሦስት አለ፣ አምስት ግራም ላይ ቆመ። ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ በእጄም ዳሰስኩት፣ ምንም የለበትም። አሁንም አምስት ይላል።

አክስቴ፣ ይህን አምስት ግራም የጨመረልኝ ማን ነው?

ልጅዎ ሚስራ